ለሜዳ የወጣ ብር የት ይደርሳል?

በዚህ እትም አምዱ ሙሉ በሙሉ የሐዋሳ ነው። ሰሞኑን ከከተማዋ ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ስፖርት በጀት ናቸው። የተናደደ አለ፣ ተስፋ ያደረገ አለ፣ ግራ የገባውም አለ። ረጃጅሞቹን አሳጥሬያቸዋለሁ። ስም አላወጣሁም፤ ሰፈር ይበቃል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። መናኸሪያ አካባቢ የሕንፃ መሣሪያ መደብር አለኝ። ግብሬን በወቅቱ እከፍላለሁ። ሰፈራችን ውሃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ነው፣ መንገዱም አቧራ ነው። የመንግሥት ገንዘብ ለኳስ ተጫዋች ደመወዝ ወጣ ሲባል ደሜ ይፈላል። ኳስ እኮ ጨዋታ ነው። ውሃ ሳይኖር ጨዋታ ምን ይሠራል?

መልስ፦ ጋሼ፣ ንዴትዎ ይገባኛል። በግማሹ አብሬዎት ነኝ፣ በግማሹ ግን ልከራከርዎት።

«የስፖርት በጀት» ሲባል አንድ ከረጢት ውስጥ ሁለት የማይመሳሰሉ ነገሮች ታጭቀዋል። አንዱ የዋናው ቡድን ወጪ ነው፤ ደመወዝ፣ የፊርማ ክፍያ፣ ሆቴል፣ ትራንስፖርት። ሌላው ደግሞ የሰፈር ሜዳ፣ የትምህርት ቤት ስፖርት፣ የታዳጊ ፕሮጀክት፣ የጠዋት ማስ ስፖርት ነው። እርስዎን ያናደደዎት የመጀመሪያው ነው። እኔንም ያናድደኛል።

በሊጋችን ያሉ ክለቦች አብዛኞቹ የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደር፣ በክልል ወይም በመንግሥት ድርጅት ገንዘብ ነው። ትኬትና ማልያ ሸጦ ራሱን የሚችል በጣት የሚቆጠር ነው። ገንዘቡ ከራስ ኪስ ስለማይወጣ ደመወዙ ሽቅብ ሄደ። ነገሩ ከልክ ሲያልፍ በ2011 ዓ.ም. ክረምት የተጫዋች ደመወዝ በወር ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ ተበጀለት። ጣሪያውን ማስከበር ምን ያህል እንደከበደ ኳስ የሚከታተል ሁሉ ያውቀዋል።

ለተጫዋች ብር መክፈል ነውር የለውም። ልጁ ለፍቶ ነው የሚበላው፣ የሜዳ ዕድሜውም አጭር ነው። የእኔ ጥያቄ ለከተማው ምን ይቀራል የሚል ነው። ውሉ ሲያልቅ ልጁ ሻንጣውን ይዞ ወደ ሌላ ክለብ ይሄዳል። የተሠራ ሜዳ የለም፣ የሠለጠነ አሠልጣኝ የለም፣ ከሥር የመጣ ታዳጊ የለም። ይህንን «ኢንቨስትመንት» ብሎ መጥራት ይከብደኛል። ለከተማችን ክብርና ለእሁድ ደስታችን የምናወጣው ነው ከተባለ እሺ፣ ደስታም ዋጋ አለው። ግን ስንት እንደሆነ በግልጽ ይነገረን፣ ምክር ቤትም ይከራከርበት።

አሁን ወደ ሁለተኛው ልምጣ፣ እዚህ ላይ ነው የማልስማማው። የሰፈር ሜዳ ጨዋታ ብቻ አይደለም፣ ጋሼ፤ የጤና ተቋም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እንደ ፈረንጆቹ ባወጣው ሪፖርት መንግሥታት ሕዝባቸውን ለማንቀሳቀስ ካልሠሩ ከ2020 እስከ 2030 ባሉት ዓመታት ወደ 500 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ከመቀመጥ ብዛት በሚመጣ የልብ፣ የስኳር፣ ያለልክ የመወፈርና ሌላ ሕመም ይያዛል ብሏል። ለሕክምናው የሚወጣው በዓመት ወደ 27 ቢሊዮን ዶላር ነው። ቁጥሩ ሩቅ ይመስላል። ግን እርስዎ ጎረቤት የስኳር ሕመምተኛ ካለ መድኃኒቱ በየወሩ ስንት እንደሚያስወጣ ይጠይቁ፣ ከዚያ ደግሞ ሕመሙ የጠናበት ቀን ሥራ የቀረበትን፣ ሆስፒታል ይዞት የሄደው ልጁ ከትምህርት የቀረበትን ይጨምሩበት። ይህ ወጪ የትም መዝገብ ላይ «የስፖርት እጦት» ተብሎ አይጻፍም። ግን ይከፈላል። የሚከፍሉትም እርስዎና እኔ ነን።

እንግሊዞች ይህንን ለመቁጠር ሞክረዋል። የሼፊልድ ሃላም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በማኅበረሰብ ስፖርት ላይ የወጣ 1 ፓውንድ 3.91 ፓውንድ የሚያህል ጥቅም እንደሚመልስ አስልተዋል። ይህን ቁጥር ይዞ የሚመጣ ሰው ካጋጠመዎት ግን አንድ ነገር ይጠይቁት፤ ስንቱ ነው ጥሬ ገንዘብ? ከስሌቱ ትልቁ ድርሻ የሰዉ ደስታና ደህንነት በገንዘብ ተተምኖ ነው፣ ካዝና የገባ ብር አይደለም። እንግሊዝም ሐዋሳ አይደለችም። እኔ ከቁጥሩ የምወስደው አቅጣጫውን ነው። ብሩ የሚመለሰው ብዙ ሰው ሲንቀሳቀስ ነው፣ 11 ሰው ሲሮጥ 10 ሺህ ሰው ቁጭ ብሎ ሲያይ አይደለም።

የውሃው ነገር እውነት ነው፣ መቅደም አለበት። ግን ሁለቱ አንድ ሚዛን ላይ የሚወጡ ወጪዎች አይደሉም። የውሃ መስመር ዝርጋታ ትልቅ ፕሮጀክት ነው። አንድ የሰፈር ሜዳ ደግሞ የግሬደር ጥቂት ቀን፣ የውሃ መውረጃ ቦይ፣ ሁለት ጎል፣ አጥርና ጥላ የሚሆን ዛፍ ነው። ሜዳውን ብንተወው ውሃው አይመጣም።

ጥያቄ፦ ፒያሳ አካባቢ አነስተኛ ፔንሲዮንና ምግብ ቤት አለኝ። ሊጉ ሐዋሳ ላይ ሲካሄድ ክፍሎቼ ይሞላሉ፣ ምሳ ሰዓት ወንበር አይበቃም። ሲያልቅ ጭር ይላል። ከተማው ትልልቅ ውድድር ለማምጣትና ስታዲየም ለመሥራት ገንዘብ ቢያወጣ ለሁላችንም አያዋጣም ትላላችሁ?

መልስ፦ እርስዎ ያዩት ነገር ትክክል ነው። ሊጉ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ከከተማ ከተማ እየዞረ ሲካሄድ ሐዋሳ በተደጋጋሚ አስተናግዳለች። በ2014 ዓ.ም. እንዲያውም የውድድር ዓመቱ የተከፈተው እዚህ ነበር። ያኔ 16 ክለቦች ነበሩ። እያንዳንዱ ክለብ ከተጫዋች እስከ ሾፌር 30 ሰው ይዞ መጣ ብንል እንኳ 480 ሰው ማለት ነው፤ በአንድ ከተማ ሳምንታት ሲያድር፣ ሲበላ፣ ልብስ ሲያሳጥብ። ዳኛው፣ ጋዜጠኛው፣ የቀጥታ ሥርጭት ሠራተኛው፣ ክለቡን ተከትሎ ከሌላ ከተማ የመጣው ደጋፊ ይጨመራል። ደጋፊው ጠዋት አሞራ ገደል ወርዶ ዓሣ ይበላል፣ በባጃጅ ይዞራል፣ ማታ ሐይቅ ዳር ይቀመጣል። ይህ ገንዘብ ከውጭ የመጣ ነው፤ ውድድሩ ባይኖር ሐዋሳ አይገባም ነበር።

የኢኮኖሚ ባለሙያዎች የሚጠይቁት የመጀመሪያ ጥያቄ ይኸው ነው፤ ብሩ አዲስ ነው ወይስ ድሮም እዚሁ የነበረ? የሐዋሳ ልጅ እሁድ ለስታዲየም መግቢያና ለቆሎ ያወጣት ብር ጨዋታ ባይኖር ካፌ ውስጥ ያጠፋት ነበር። ብሯ ኪስ ቀየረች እንጂ ለከተማዋ የጨመረችው የለም። አሜሪካኖች ለስታዲየም የመንግሥት ገንዘብ ብዙ ስለሚያፈሱ በዚህ ላይ ለአሥርተ ዓመታት ተጠንቷል፣ የስፖርት ኢኮኖሚ ተመራማሪዎችም በአብዛኛው የሚስማሙት አንድ ነገር ላይ ነው፦ ስታዲየም ብቻውን የከተማን ገቢ ሲያሳድግ አልታየም፣ ወጪውንም አይመልስም። ካናዳ ውስጥ ሞንትሪያል እንደ ፈረንጆቹ ለ1976 ኦሎምፒክ የሠራችውን ስታዲየም ዕዳ ከፍላ የጨረሰችው በ2006 ነው። 30 ዓመት! ውድድሩን ያዩ ሕፃናት ጎልማሳ ሆነው ዕዳውን ከፈሉት። አቴንስም ለ2004 ኦሎምፒክ ከሠራቻቸው ስታዲየሞች ብዙዎቹ ሣር በቅሎባቸው ቀርተዋል።

ታዲያ ስታዲየም አይሠራ ማለቴ ነው? አይደለም። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ዋልያዎቹ ግብፅን 2 ለ 0 ሲያሸንፉ ሁለተኛውን ጎል ያገባው የሐዋሳው ልጅ ሽመልስ በቀለ ነበር። የት ሆኖ? ማላዊ፣ ሊሎንግዌ። «በሜዳችን» የምንጫወተው ጨዋታ ነበር እኮ! የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን (የካፍን) መስፈርት የሚያሟላ ስታዲየም ሀገር ውስጥ ስላልነበረን ተሰደድን። ግብፅን ያህል ቡድን ሐዋሳ ወይም አዲስ አበባ መጥቶ ቢሆን የሚሞላውን ሆቴል አስቡት። የሚገርመው ደግሞ የጎደለን የመቀመጫ ብዛት ብቻ አልነበረም። ካፍ የሚያየው የሜዳውን ጥራት፣ መብራቱን፣ የመልበሻ ክፍሉን፣ የመፀዳጃ ቤቱን፣ የተመልካቹን ወንበር፣ የመውጫ በሩን ነው። እኛ ግን ትልቅ ኮንክሪት አቁመን እነዚህን ማጠናቀቅ ላይ እንደክማለን። ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ያለውን ጨርሱ ነው። አዲስ የመሠረት ድንጋይ ከማስቀመጥ በፊት የቆመው ውስጥ ወንበርና መብራት ይግባ፣ ሣሩን የሚንከባከብ ሰው በቋሚነት ይቀጠር። የጥገና በጀት ሪባን አይቆረጥለትም፣ ለዚህም ይመስለኛል ሁልጊዜ የሚረሳው።

ሐዋሳ ደግሞ ስታዲየም የማይጠይቅ ሌላ ነገር አላት። ሜዳማ ከተማ፣ ሰፋፊ ጎዳና፣ ሐይቅ፣ ከአዲስ አበባ በመኪና የግማሽ ቀን መንገድ። ታላቁ ሩጫ እዚህ የሚያዘጋጀው የግማሽ ማራቶን የመጣው ለዚህ ነው። እንዲህ ላለ ሩጫ ከተማው የሚያወጣው መንገድ መዝጋት፣ ፖሊስ፣ አምቡላንስና ጽዳት ነው። ሯጩ ግን ብቻውን አይመጣም፣ ቅዳሜ ቤተሰቡን ይዞ ገብቶ እሁድ ማታ ይመለሳል። እንደ እርስዎ ላለ ነጋዴ ይህ ከአንድ ትልቅ ጨዋታ ይሻላል ባይ ነኝ። ከንግድ ምክር ቤቱ ጋር ሆናችሁ በዓመት አንድ የነበረውን ሁለት ሦስት ለማድረግ ብትገፉ፣ በብስክሌት፣ በዋና፣ በታንኳ ቀዘፋ ብታስቡት፣ ወጪው ትንሽ ነው።

አትሌቶቻችን ራሳቸው ምን እንዳደረጉም አይርሱ። ኃይሌ ገብረሥላሴ ከሩጫ ያገኘውን ገንዘብ ይዞ መጥቶ ሐይቁ ዳር ሪዞርት ሠራ። እዚያ የሚሠራው አስተናጋጅና አትክልተኛ ደመወዙ መነሻው ሩጫ ነው።

ጥያቄ፦ ታቦር አካባቢ ሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ ነኝ። «ስፖርት ወጣቱን ከጫትና ከመጠጥ ያወጣል» የሚል ንግግር በየስብሰባው እሰማለሁ። የእኔ ተማሪዎች ግን ኳስ ተጫውተው ሲጨርሱ ተያይዘው ጫት ቤት ሲገቡ አያለሁ። እውነት ነው ወይስ ወሬ?

መልስ፦ መምህር፣ ጥሩ ታዝበሃል። ስፖርት ብቻውን አያወጣም። ግን ተስፋ አትቁረጥ፣ በትክክል ሲሠራ ያወጣ ሀገር አለ።

አይስላንድ በ1990ዎቹ እንደ ፈረንጆቹ ልጆቿ በአውሮፓ ክፉኛ ከሚጠጡት ተርታ ነበሩ። በ1998 በተደረገ ጥናት ከ15 እስከ 16 ዓመት ካሉት ውስጥ 42 ከመቶዎቹ ባለፈው አንድ ወር ሰክረናል ብለዋል። በ2016 ይህ ቁጥር 5 ከመቶ ደረሰ። በየቀኑ ሲጋራ የሚያጨሱት ከ23 ከመቶ ወደ 3 ወረዱ። ከሃያ ዓመት ባነሰ ጊዜ!

ምን አደረጉ? መጀመሪያ ጠየቁ። በየትምህርት ቤቱ ልጆቹን ራሳቸውን፣ ስም ሳያስጽፉ፣ በየጊዜው ጠየቁ፤ ከትምህርት በኋላ የት ትውላለህ፣ ከማን ጋር፣ ወላጆችህ ያውቃሉ? ውጤቱን ለየሰፈሩ መልሰው ሰጡ። ከዚያ መንግሥትና ማዘጋጃ ቤት በተደራጀ ስፖርት፣ በሙዚቃ፣ በጥበብ ላይ ገንዘብ አወጡ። ዋና ከተማዋ ሬይኪያቪክ ለእያንዳንዱ ልጅ ለዚህ ብቻ የሚውል የዓመት ድጎማ ትሰጣለች። ቤተሰብ ድሃ ስለሆነ ልጁ ከሜዳ አይቀርም። አሠልጣኞቹ የሠለጠኑና የሚከፈላቸው ናቸው። ወላጆች ደግሞ ተፈራረሙ፦ ልጆቻችን በሥራ ቀን ማታ ውጭ አያመሹም፣ አልኮል አንገዛላቸውም። ሕጉም ጠበቀ፣ አልኮል ለመግዛት 20 ዓመት መሙላት ግድ ሆነ።

አሁን ያንተን ትዝብት እዚህ ላይ አምጣው። የአይስላንድ ተመራማሪዎች አንተ ያየኸውን አይተዋል። በክለብ፣ በአሠልጣኝ፣ በሰዓት የሚሠሩ ልጆች ከመጠጥ ራቁ። አዋቂ በሌለበት፣ ሰብሰብ ብለው የሚጫወቱት ላይ ግን ያ ጥበቃ አልታየም። ስለዚህ ኳሷ አይደለችም የምታድነው። ልጁን በስሙ የሚያውቀው፣ ሲቀር «ምነው ማክሰኞ ጠፋህ?» የሚለው፣ ጨዋታው ሲያልቅ ወደ ቤት የሚሸኘው አሠልጣኝ ነው።

እኛ ለዚህ ምስክር ፍለጋ አይስላንድ መሄድ አያስፈልገንም። በቆጂን እንይ። አንዲት የአርሲ ከተማ፣ አንድ የአንደኛ ደረጃ የስፖርት አስተማሪ፣ ስንታየሁ እሸቱ። ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባ በእሱ እጅ አልፈዋል። ሦስቱም የኦሎምፒክ ሻምፒዮኖች። ሀገሪቱ ለዚህ ያወጣችው በመጀመሪያ ምን ነበር? የአንድ አስተማሪ ደመወዝና አንድ አቧራማ ሜዳ። እኔ እስካሁን ከዚህ የተሻለ የመንግሥት ኢንቨስትመንት አላየሁም።

እንግዲህ ትምህርት ቤትህን ተመልከት። ስፖርት በፕሮግራሙ ላይ አለ። ግን ስንት ትምህርት ቤት ነው የስፖርት ክፍለ ጊዜን ለሒሳብ ማካካሻ የሚሰጠው? ስንት ትምህርት ቤት ነው ለ60 ተማሪ አንድ የተነፈሰች ኳስ ያለው? የ1990 ዓ.ም. የስፖርት ፖሊሲያችን ሕዝቡ በሚኖርበት፣ በሚማርበትና በሚሠራበት ቦታ ስፖርት ይሥራ ይላል። ወረቀቱ ጥሩ ነው፤ የጎደለው ከ9 ሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ የሚቆይ፣ ለትርፍ ሰዓቱ የሚከፈለው ሰው ነው። የስፖርት መምህራችሁን በሳምንት ሦስት ቀን ሁለት ሰዓት የሚያቆይ አበል ከወላጅ ኮሚቴ፣ ከክፍለ ከተማ፣ ከየትም ፈልጉ። ጫት ቤቱ የሚሞላው ያን ሰዓት ነው።

ጥያቄ፦ የአቶቴ ነዋሪ ነኝ። የ13 ዓመት ልጄ ኳስ መጫወት ትወዳለች። ጎበዝም ናት ይሉኛል። አባቷ «ሴት ልጅ አቧራ ላይ ምን ትሠራለች» ይላል፣ ጎረቤትም ያማል። እኔ ትጫወት ባይ ነኝ፣ ግን ሜዳውን ወንዶቹ ይዘውታል፣ ሲመሽ ደግሞ ጨለማ ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ያንቺ ሐሳብ ትክክል ነው፣ በርቺ። ለአባቷ ሁለት ነገር ንገሪልኝ።

አንደኛው የጤና ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ልጆች በቀን ቢያንስ በአማካይ 60 ደቂቃ ሰውነታቸውን ያንቀሳቅሱ ይላል። በዓለም ላይ ከአምስት ታዳጊዎች አራቱ ይህን አያሟሉም፣ ሴቶቹ ደግሞ ከወንዶቹ ይብሳሉ። ብዙ ልጆች ስፖርት የሚያቆሙት በእሷ ዕድሜ ነው፤ ሰውነታቸው ሲለወጥ፣ ወሬው ሲበዛ፣ የሚለብሱበትና የሚታጠቡበት ክፍል ሲያጡ።

ሁለተኛው ሎዛ አበራ ናት። ዱራሜ ተወልዳ፣ እዚሁ ሐዋሳ ከተማ ተጫውታ፣ ከዚያ በደደቢት አድርጋ ስዊድን፣ ማልታና አሜሪካ ድረስ ሄዳለች። ማልታ ላይ ለቢርኪርካራ ክለብ በአንድ የውድድር ዓመት 30 ጎል አግብታ የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ሆናለች። ልጅሽ ሎዛ ትሆናለች እያልኩ አይደለም፤ አብዛኞቹ ልጆች አይሆኑም፣ መሆንም የለባቸውም። ግን «ሴት ልጅ እዚያ ምን ትሠራለች» ለሚል ሰው መልሱ ከዚህ ከተማ ሜዳ ላይ ወጥቷል።

ሜዳውን በተመለከተ ብቻሽን አትሂጂ። የሌሎች ልጆች እናቶችን አምስት ስድስት ሆናችሁ ያዙ። ለቀበሌውና ለሜዳው ኮሚቴ የምትጠይቁት አንድ ነገር ይሁን፦ በሳምንት ሁለት ከሰዓት፣ ከ10 እስከ 11 ሰዓት ተኩል፣ የሴት ልጆች ብቻ፣ በጽሑፍ ተለጥፎ። ሳይመሽ ስለሚያልቅ የመብራቱ ጣጣ አይኖርም። ከእናቶቹ አንዷ በተራ ሜዳው ዳር ትቀመጥ። በጀት የሚያስፈልገው ለሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ቁልፍ ያለው መፀዳጃ ቤትና ውሃ። ስለ ሴቶች ስፖርት ብዙ መድረክ ይዘጋጃል፣ ብዙ ባነር ይሰቀላል፣ እኔ ግን በአንድ የባነር ዋጋ የመፀዳጃ ቤት በር ቢገጠም እመርጣለሁ። ልጆቹ የሚቀሩት በዚያ ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ ይህን ሁሉ ለምን መንግሥት ይሠራዋል? ባለሀብት ሜዳ ሠርቶ ቢያከራይ አይሻልም?

መልስ፦ ይሥራ፣ ጥሩ ነው። ሰው ሠራሽ ሣር አንጥፎ በሰዓት የሚያከራይ ሁሉ ሥራ ፈጥሯል፣ የቢሮ ሠራተኞች ማታ ተሰብስበው ይጫወቱበታል። ግን የሰዓቱን ኪራይ የጫማ ጠራጊው ልጅ አይከፍልም፣ ከኢንዱስትሪ ፓርክ ፈረቃዋን ጨርሳ የወጣች ልጅም አትከፍልም። የአንድ ልጅ ጤንነት ጥቅሙ ለጎረቤቱም ለሀገሩም ስለሆነ ባለሀብቱ ያንን ጥቅም በትኬት ሊሰበስበው አይችልም። ስለዚህ አይሠራውም። በእሱም አይፈረድም።

ጥያቄ፦ እኛ አላሙራ አካባቢ ያለን ወጣቶች ነን። ከልጅነታችን የተጫወትንበት ሜዳ አለ። ሰሞኑን በአንዱ ጥግ ችካል ተተክሏል፣ ሊሸነሸን ነው የሚል ወሬ አለ። ማንን እንጠይቅ? እንዴትስ እንዲሠራልን እናድርግ?

መልስ፦ ልጆች፣ ይህ ከሁሉም ጥያቄ በላይ አስቸኳይ ነው። ሜዳ አንዴ ቤት ከተሠራበት አይመለስም። ስለ ስፖርት ጥቅም የተናገርነው ሁሉ ቦታው ከሌለ ከንቱ ነው።

በወሬ አትነሱ። መጀመሪያ ወደ ከተማው የፕላን ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ቦታው በመዋቅራዊ ፕላኑ ላይ ምን ተብሎ እንደተቀመጠ ጠይቁ። አረንጓዴ ቦታ ወይም የስፖርት ቦታ ከተባለ ጉልበት አላችሁ። ቀጥሎ ካርታ አለው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ የሰፈር ሜዳዎች የሚበሉት በዚህ ነው፤ ሁሉም ሰው «የሕዝብ ነው» ይላል፣ በማንም ስም ግን አልተመዘገበም። በአቅራቢያው ባለው ትምህርት ቤት፣ በቀበሌው ወይም በስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ስም የይዞታ ማረጋገጫ እንዲወጣለት ጠይቁ። ከአጥርም፣ ከጎልም፣ ከማልያም በፊት ካርታ።

ደብዳቤያችሁ አጭር ይሁን። ሜዳው የት እንደሆነ፣ ርዝመትና ስፋቱ ስንት እንደሆነ (በሜትር ለኩት፣ በእርምጃ አይሁን)፣ በሳምንት ስንት ልጅ እንደሚጠቀምበት። ይህን የመጨረሻውን ቁጥር ራሳችሁ ሰብስቡት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠዋትና ማታ ደብተር ይዛችሁ ሜዳው ዳር ቆማችሁ ቁጠሩ፤ ወንድ፣ ሴት፣ ሕፃን፣ አዛውንት። ቢሮ ውስጥ ያለ ሰው «ብዙ ወጣት ይጠቀምበታል» የሚል ደብዳቤ በየቀኑ ያያል። በቀንና በሰዓት የተቆጠረ ሰንጠረዥ ግን ማንም አምጥቶለት አያውቅም። የዕድር ሽማግሌዎችን አስፈርሙ፣ የእነሱ ፊርማ ከእናንተ ይከብዳል።

ጊዜውንም እወቁ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ያልቃል። በሐምሌ ብትሄዱ «በጀት ተይዟል» ትባላላችሁ፣ እውነታቸውን ነው። ዕቅድ የሚነደፈው ከዚያ በፊት ስለሆነ ጥያቄያችሁ ከመጋቢት ሳያልፍ ጠረጴዛ ላይ መሆን አለበት። የምክር ቤት ተመራጫችሁን ስም ፈልጋችሁ በአካል አግኙት፣ ሜዳው ድረስ አምጡት፣ ልጆቹ በሚጫወቱበት ሰዓት ይሁን።

ከተፈቀደ በኋላ ደግሞ ሣር ከመዝራታችሁ በፊት ውሃውን አስቡ። የሐዋሳ መሬት ሜዳማ ስለሆነ ሐምሌና ነሐሴ ውሃ ይተኛበታል። መሐሉ ትንሽ ከፍ ብሎ ወደ ጎን የሚያፈስ፣ ዙሪያውን ቦይ ያለው ሜዳ ካልሆነ የመጀመሪያው ክረምት ጭቃ ያደርገዋል፣ ያወጣችሁት ሁሉ ውሃ በላው ማለት ነው። ሙሉ ሜዳ 105 በ68 ሜትር ነው። ቦታው ካልበቃ አታልቅሱ፣ 40 በ20 ሜትር ላይ የእጅ ኳስም አነስተኛው የእግር ኳስም ይሠራል፣ ለታዳጊዎችም ይህ ይሻላቸዋል፣ ኳሷ ቶሎ ቶሎ ትደርሳቸዋለች።

ደብዳቤውን በሁለት ኮፒ አድርጉት። አንዱን መዝገብ ቤት አስገቡ፣ በሁለተኛው ላይ የገቢ ቁጥርና ማኅተም አስደርጋችሁ እጃችሁ ላይ አስቀሩ። ከነገ ጀምሩ፣ ችካሉን ግን አትንቀሉ።